28ቱ የጉርሻ ፎቆች

ሲያትል የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ መሀል ከተማ፣ ሰከንድ አቬኑ አጠገብ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት መኪና መቀበልና ማስረከብ ነበር። ተራዬ ሲያልቅ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ አውቶቡስ የሚቆመው ደግሞ አንድ ጎዳና ከፍ ብሎ፣ ሰርድ አቬኑ ላይ ነው። ካርታ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የሲያትል መሀል ከተማ ግን ከኤልየት ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ስለሆነ፣ ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ ላደረ ሰው፣ በዚያ ላይ ዝናብና ብርድ በሚፈራረቁበት ወር፣ ያቺ አጭር መንገድ ጉልበትን ትፈትናለች።

ከእኔ ጋር የሚሠሩ አንድ አባት ነበሩ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ማለዳ ጃኬቴን ራሴ ላይ ጥዬ ወደ ዳገቱ ስሮጥ ጠሩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ያስበሰብስሃል? በዚህ ግባ እንጂ» ብለው ወደ አንድ ትልቅ የግራናይት ሕንፃ በር ወሰዱኝ። አልገባም ብዬ ተከራከርኩ። ከጥቂት ቀናት በፊት ሌላ ሕንፃ ውስጥ ዝናቡ እስኪያባራ ልጠለል ብዬ ጥበቃው አስወጥቶኝ ስለነበር፣ እንደዚህ ያለ ቦታ የእኛ እንዳልሆነ አምኜ ነበር። ጋሼ ግን በሩን እየገፉ፣ «ይኼ መንገድ የሕዝብ ነው። ባለቤቱ ሲሠራው ከከተማው ጋር ተዋውሏል» አሉኝ። ገባን፤ በተንቀሳቃሽ ደረጃው ወጣን፤ ሳንረጥብ ሰርድ አቬኑ ላይ ደረስን። ማንም ምንም አላለንም።

ጋሼ ያሉት ውል ምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ስለዚህ ሕንፃ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ስጀምር ነው።

ሕንፃው ዛሬ የሚጠራው በአድራሻው ነው፤ 1201 ሰርድ አቬኑ። እኔ ስደርስ ስሙ ዋሽንግተን ሚውችዋል ታወር ነበር። ባለ 55 ፎቅ ሲሆን ቁመቱ 772 ጫማ ወይም 235 ሜትር ያህል ነው፤ የከተማዋ መለያ ከሆነው ቀጭን ማማ፣ ከስፔስ ኒድል፣ በብዙ ይበልጣል። ግንባታው የተጠናቀቀው በ1988 ነው። ያስገነባው ራይት ራንስታድ የተባለው የሲያትል አልሚ ኩባንያ፣ ዋሽንግተን ሚውችዋል ከተባለው ባንክ ጋር ሆኖ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ደግሞ ኮን ፔደርሰን ፎክስ የተባለው የኒው ዮርክ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ነው፤ ዋናው ነዳፊ ዊልያም ፔደርሰን ነበር። ፔደርሰን ከዚህ ቀደም ብሎ በ1983 በቺካጎ ወንዝ መታጠፊያ ላይ የቆመውን፣ አረንጓዴ መስታወቱ እንደ ወንዙ የሚጎብጠውን 333 ዋከር ድራይቭን የነደፈ ሰው ነው።

ይህን ሕንፃ ለመረዳት በፊቱ የነበሩትን ማየት ያስፈልጋል። በ1969 ሲያትል ፈርስት ናሽናል ባንክ ፎርዝ አቬኑ ላይ ባለ 50 ፎቅ ዋና መሥሪያ ቤቱን ሠራ። ያ ሕንፃ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። የከተማው ሰዎች «ስፔስ ኒድል የመጣበት ካርቶን» ብለው ስም አወጡለት። የዘመናዊው ሥነ ሕንፃ እምነት ይህ ነበር፤ ጌጥ ከንቱ ነው፣ ጣሪያ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ሕንፃው መሬት ላይ ይቁም እንጂ መሬቱን ማነጋገር የለበትም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ የሰለቹ ነዳፊዎች ወደ ጥንቱ መለስ ብለው ቅስትን፣ ድንጋይን፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባርንና ሾጣጣ ራስን እንደገና በሰማይ ጠቀስ ፎቆች ላይ ማዋል ጀመሩ። ድኅረ ዘመናዊ የምንለው አሠራር ይህ ነው።

1201 ሰርድ አቬኑ የዚህ አሠራር ልጅ ነው። እግር፣ ወገብና ራስ አለው። እግሩ ቀላ ያለ ግራናይት ለብሶ በእግረኛው ዓይን ልክ ቅስትና በር ያሳያል። ወገቡ ላይ በየአቅጣጫው ሰማያዊ መስታወቱ እንደ ነፋስ የነፋው ሸራ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል፤ ግራና ቀኙን ድንጋይና ተራ መስኮት ይዘውታል። ወደ ላይ ሲሄድ እየጠበበ፣ በአራቱም ፊት ትልልቅ ቅስት ያላቸው ግንባሮች አውጥቶ፣ በሾጣጣ ጣሪያ ያበቃል። እኔ ባደግሁበት አገር ቤተ ክርስቲያን ያለ ጉልላት አይታሰብም፤ ሕንፃው ተሠርቶ ያለቀው ጉልላቱ የወጣ ዕለት ነው። ስለዚህ ራሳቸው የተቆረጠ የሚመስሉ ጥቁር ሣጥኖች በሞሉበት ከተማ ይህ ሕንፃ ገና ከሩቅ ሲታየኝ ያለቀ፣ የተጨረሰ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

ያነበብኩት ነገር ያስደነገጠኝ እዚህ ላይ ነው። ያንን ጉልላት ያስገኘው የነዳፊው ጥበብ ብቻ ሳይሆን የከተማው ደንብም ነበር።

በ1985 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ 76 ፎቅ ያለው ኮሎምቢያ ሴንተር ተጠናቀቀና ከተማዋን ሁሉ አሳጥሮ ቁጭ አለ። ብዙ ሰው በግዝፈቱ ደነገጠ። ሁለተኛው፣ የከተማው ምክር ቤት ለመሀል ከተማው አዲስ ዕቅድ አጸደቀ። የአዲሱ ደንብ አሠራር እንዲህ ነበር፦ አልሚው በመሬቱ ስፋት ልክ የተወሰነ መጠን ያለው ሕንፃ ያለ ምንም ግዴታ መሥራት ይችላል። ከዚያ በላይ መሄድ ከፈለገ ግን ለሕዝቡ የሚጠቅም ነገር ማቅረብ አለበት፤ በምትኩ ከተማው ተጨማሪ ወለል ይፈቅድለታል። ለሕፃናት ማቆያ ይህን ያህል፣ ለሕዝብ አደባባይ ይህን ያህል፣ ከመንገድ ጋር ለሚገናኙ ሱቆች ይህን ያህል፣ እግረኛ ዳገቱን እንዲወጣ ለሚረዳ መተላለፊያ ይህን ያህል፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መኖሪያ ቤት ለሚውል መዋጮ ይህን ያህል። ከዝርዝሩ ውስጥ ጫፉን አቅጥኖና ቅርጽ ሰጥቶ ለሚሠራ ሕንፃ የሚሰጥም ነበር። ከተማው ካርቶኑ ስለሰለቸው ለጉልላት ዋጋ አወጣለት ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ለዚህ የሚጠቀሙበትን ቃል ወደ አማርኛ ስመልሰው ጉርሻ ከሚለው የተሻለ አላገኘሁም። ለአስተናጋጅ የሚተወውም ጉርሻ ነው፤ በእጅ ጠቅልለን ወዳጃችን አፍ ውስጥ የምናኖረውም ጉርሻ ነው። አጉራሹ ይሰጣል፣ ጎራሹ ይቀበላል፣ ከዚያም ተራው ይዞራል። ሲያትል ያሰበችው እንዲህ ያለ መለዋወጥ ነበር።

1201 ሰርድ አቬኑ በዚህ ዕቅድ መሠረት የተነደፈ የመጀመሪያው ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ነው፤ አልሚውም ገበታው ላይ ከቀረበው አንዱንም እንዳለፈ አይመስልም። አደባባዩን ሠራ፣ ሱቆቹን አስገባ፣ የሕፃናት ማቆያውን አዘጋጀ፣ ለመኖሪያ ቤት አዋጣ፣ ዳገት የሚያወጣውን መተላለፊያ ከፈተ፣ ጉልላቱን አቆመ። በውጤቱ ከ55ቱ ፎቆች 28ቱ በጉርሻ የተገኙ ናቸው። ደንቡ በነጻ የፈቀደለት ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። እኔና ጋሼ ጠዋት ጠዋት የምንሄድበት ያ መተላለፊያ ከላያችን ላይ ወለል ጨምሯል፤ እርጥብ ጫማችን ካለፈበት መንገድ ዋጋ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ ከባሕሩ ፊት ለፊት ጠረጴዛውን ዘርግቷል።

ስለ መኖሪያ ቤቱ መዋጮ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል እሱ ነው። ሕንፃው የቆመበት መሬት ባዶ አልነበረም። ሰከንድ አቬኑ በኩል ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየ ሳቮይ የሚባል ሆቴል ነበረበት፤ በ1986 በፈንጂ ተደርምሶ ቦታው ተጸዳ። በአሮጌው ሲያትል መሀል ከተማ እንደዚህ ያሉ ሆቴሎች ብዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሠራተኛው፣ ጡረተኛውና መርከበኛው በሳምንት ክፍያ አንድ ክፍል ይዞ የሚኖርባቸው ነበሩ። በ1970 ኦዛርክ ሆቴል ተቃጥሎ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ከተማው የእሳት መከላከያ ደንቡን አጠበቀ። ደንቡ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ወጪውን ያልቻሉ ባለቤቶች ሆቴሎቻቸውን ዘጉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ርካሽ ክፍሎችም ጠፉ። ቢሮዎቹ ሲመጡ ደግሞ የቀሩት ፈረሱ። የመኖሪያ ቤት መዋጮው ይህንን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነው። አልሞላውም። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ከመኪና ማቆሚያው ባልደረቦቼ መካከል መሀል ከተማ የሚኖር አንድም ሰው አላውቅም። ያኔ ሬይነር ቫሊ በሚባለው የደቡብ ሲያትል ሰፈር ነበርን፤ ኪራዩ ሲወደድ ብዙዎቻችን ወደ ደቡብ፣ ወደ ተክዊላና ወደ ኬንት ወረድን። መዋጮው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ በተሠራው ቤት የገባ ሰው አለ። ግን 28 ፎቅ ለዘለዓለም ይከራያል፤ መዋጮው የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን ልዩነት አላመዛዘኑትም ብዬ አምናለሁ።

ከሳቮይ በተለየ፣ ሰከንድ አቬኑና ዩኒቨርሲቲ ስትሪት ማዕዘን ላይ የቆመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተሠራው ብሩክሊን የተባለ የጡብ ሕንፃ ግን ተርፏል። አዲሱ ግንብ እሱን ጥግ ላይ ይዞ ነው የተሠራው። ከታች ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ ጡቡ በግራናይቱ ጉያ እንደ ተቀመጠ ሽማግሌ ይመስላል። እኔ በዚያ ማዕዘን ባለፍኩ ቁጥር ቀና ማለቴ አይቀርም።

ሕዝቡ ግን በጉርሻው አልተደሰተም። ዋሽንግተን ሚውችዋል ታወር በ1988 ሲጠናቀቅ ከሰርድ አቬኑ ሥር የአውቶቡስ ዋሻ እየተቆፈረ ነበር፤ በየማዕዘኑ ክሬን ቆሟል፣ መንገዱ ታጥሯል፣ ሌሎች ረጃጅም ሕንፃዎችም እየተከተሉ ነበር። ነዋሪው «ደንቡ ፎቅ ይቀንሳል ብላችሁ እንዲያውም እጥፍ አደረጋችሁት» አለ። በግንቦት 1989 የዜጎች አማራጭ ዕቅድ የተባለው ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና ከመራጮች ከ60 በመቶ በላይ ደገፉት። በዚህም የመሀል ከተማው ሕንፃ ቁመት በ450 ጫማ፣ ማለትም በ137 ሜትር ያህል ተገደበ፤ በየዓመቱ የሚሠራው የቢሮ ስፋትም ጣሪያ ተደረገለት። ገደቡ የወጣው 1201 ሰርድ አቬኑ በተመረቀ በዓመቱ ስለሆነ፣ ዳግመኛ እንደ እሱ ያለ ሕንፃ እንዳይሠራ የተከለከለ ይመስል ነበር።

የመራጮቹ ቁጣ ይገባኛል። እኔም ብሆን በዚያን ጊዜ እዚህ ብኖር ምናልባት አብሬ ድምፅ እሰጥ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ግን የተቆጡበትና የወሰኑት ነገር የተገናኘ አይመስለኝም። የሚያሳስበው ሕንፃው ወደ ሰማይ ምን ያህል ወጣ የሚለው ሳይሆን፣ መሬት ላይ ከሚያልፈው ሰው ጋር ምን ተዋዋለ፣ ውሉንስ ጠበቀ ወይ የሚለው ነበር። 137 ሜትር ላይ የሚቆም፣ በሩ ግን ለእግረኛ የተዘጋ ሕንፃ ለእኔና ለጋሼ ምን ይጠቅመን ነበር? ከተማው ራሱ በ2006 ገደቡን አንስቶ ወደ ጉርሻው ተመልሷል፤ በዚህኛው ዙር አልሚዎች ለረጅም ሕንፃ ለመኖሪያ ቤትና ለሕፃናት ማቆያ እንዲያዋጡ አድርጓል።

ስሙን የሰጠው ባንክ ታሪክ በየጋዜጣው ስለተጻፈ እዚህ አላስረዝመውም። ዋሽንግተን ሚውችዋል የተመሠረተው መስከረም 25 ቀን 1889፣ ያ ታላቅ የሲያትል ቃጠሎ ከተማዋን ካወደመ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰዎች ቤታቸውን መልሰው እንዲሠሩ ለማበደር ነው። በ2006 በአቅራቢያው ባሠራው አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ገባ። መስከረም 25 ቀን 2008፣ በተመሠረተ በ119 ዓመቱ በዚያው ዕለት፣ የፌዴራል መንግሥቱ ተረከበው፤ 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት የነበረው በመሆኑ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የባንክ ውድቀት ሆነ። በዚያ መጸው ወደ ማቆሚያችን የሚመጡ ደንበኞች ካርቶን ታቅፈው መኪናቸውን ሲጠይቁ አስታውሳለሁ። አንዲት ሴት ቁልፏን ስሰጣት እጄን ይዛ «እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ከእንግዲህ አልመጣም» አለችኝ፤ የምመልስላትን አጣሁ። ግንቡም የባንኩን ስም ጥሎ በአድራሻው መጠራት ጀመረ። የባንኩ ስም ሲጠፋ ከከተማው ጋር የተገባው ውል አልጠፋም፤ ሕንፃው በ2012 ተሽጦ ባለቤት ሲቀይር እንኳ መተላለፊያው መተላለፊያ ሆኖ ቀርቷል።

ማንም ያልተዋዋላቸው እንግዶችም አሉት። ከ1994 ጀምሮ ከጫፉ አጠገብ፣ ከ50ኛው ፎቅ በላይ ባለ ጠርዝ ላይ ጭልፊቶች ጎጆ ሠርተው ጫጩት ሲያሳድጉ ኖረዋል። ገደል ላይ የሚፈለፍል ዘር ነው፤ ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ የእንቁላሉን ቅርፊት አሳስቶበት በመላው አሜሪካ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። መርዙ በ1972 ተከለከለ፤ ጭልፊቱም ሊጠፉ ከሚችሉ እንስሳት ዝርዝር የወጣው በ1999 ነው። ያ ደንቡ ዋጋ ያወጣለት ጉልላት፣ ያ ደረጃ ደረጃ እየሆነ የሚጠበው ድንጋይ፣ ለወፏ ገደል ሆናት። ጠፍጣፋው ጥቁር ካርቶን ይህን አይሰጣትም ነበር ብዬ አስባለሁ። አንድ የሚያዝያ ማለዳ ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጭልፊቷ ርግብ ስታሳድድ አሳዩኝ፤ ከላይ ተወርውራ ስትወርድ ዓይኔ ሊከተላት አልቻለም።

ከሰርድ አቬኑ ሥር የተቆፈረው ዋሻ በ1990 ተከፍቶ ለአውቶቡስ ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ2009 ቀላል ባቡሩ ገባበት። በሬይነር ቫሊ የሚያልፈው ባቡር በሕንፃው እግር ሥር ባለው ጣቢያ ይቆማል፤ ጣቢያው ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ስትሪት ይባል ነበር፣ በ2024 ሲምፎኒ ተብሏል። ማቆሚያውን ለቅቄ በቀን የምሠራበት ሥራ ካገኘሁ ወዲህ በዚያ ባቡር ነው የምመላለሰው። በባቡሩ ውስጥ አማርኛና ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ ከወረዱት መካከል የሕንፃዎቹን ወለል ሊያጸዱ፣ በር ሊጠብቁ፣ ቡና ሊያፈሉ፣ አንዳንዶቹም አሁን ከላይ ባለው ቢሮ ሊቀመጡ የሚሄዱ አሉ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ከላይ ያሉት ሁሉ ቤታቸው ሆነው መሥራት ጀመሩ። መሀል ከተማው ጭር አለ። ያኔም ቢሆን እነዚህ ከታች የሚሠሩት ይመጡ ነበር፤ ወለል በኮምፒውተር አይጸዳምና።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ደብረ ብርሃን ገብተዋል። ባለፈው እሑድ ደወልኩላቸውና ስለ ውሉ ያነበብኩትን ሁሉ፣ ስለ ጉልላቱም ስለ 28ቱም ፎቆች ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ውሉን ከማን ሰምተው እንደነበር ስጠይቃቸው፣ ሕንፃው ሲሠራ ግንበኛ ሆኖ የነበረ አንድ ደንበኛ መኪናውን እየጠበቀ እንዳጫወታቸው ነገሩኝ። ከዚያ፣ «ለመሆኑ በሰከንድ አቬኑ በኩል ያለው በር ይከፈታል?» አሉኝ።

«ይከፈታል፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ዓርብ ጠዋት በእሱ ነው የወጣሁት።»

«ዝናብ ነበር?»

«ዶፍ ነበር።»